አንድ ጉዞ፣ ሁለት ፍርድ

አቶ ፊልጶስ በጎንደር ከተማ የታወቁ የሕግ ባለሙያ ናቸው። ማራኪ ሰፈር ካለው ቤታቸው ጠዋት ሲወጡ ጎረቤቱ ብድግ እያለ ሰላም ይላቸዋል። የተጣላ ባልና ሚስት፣ በድንበር የተካሰሰ ወንድማማች ምክራቸውን ፈልጎ ደጃቸውን ይጠናል። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ሌላ ሳያገቡ፣ አምሐን፣ ኤሌኒንና ፅዮንን ብቻቸውን አሳድገው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል። እንዲህ ያለ አባት በገዛ ልጆቹ መካከል ፍርድ ያጓድላል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ኤሌኒም አልጠረጠረችም ነበር።

ኤሌኒ የመካከለኛዋ ልጅ ናት። ሆስፒታል ውስጥ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሆና ትሠራለች፤ አጥንቱ ተሰብሮ የተኛውን ሰው ደግፋ እንደገና ማራመድ የዕለት ሥራዋ ነው። ታላቅ ወንድሟ አምሐ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። እሱ ለስብሰባ ወደ ቪየና ሄዶ፣ ስብሰባው ሲያበቃ የጀርባ ቦርሳውን አንግቶ ቡዳፔስትንና ፕራግን በባቡር ዞሮ የመጣ ጊዜ ቤቱ በደስታ ነበር የተቀበለው። በፋሲካ ማዕድ ላይ በየሆስቴሉ ያሳለፈውን ሲያወራ፣ በጀልባ ላይ የጠጣውን ቢራ፣ ከማያውቃቸው ወንዶችና ሴቶች ጋር የጨፈረውን ሲተርክ አቶ ፊልጶስ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

“ወንድ ልጅ እንዲህ ዓለምን ሲያይ ነው!” አሉ ትከሻውን እየመቱ።

በዓመቱ ኤሌኒ ለሥልጠና ወደዚያው ወደ ቪየና ተላከች። አምሐ ሲሸኛት፣ “ሥልጠናው ሲያልቅ የኔን መንገድ ያዢ። ፕራግ ያለውን ሆስቴል እንዳታልፊው፤ አድራሻውን እልክልሻለሁ” አላት። ላከላትም።

በሕይወቷ እንደነዚያ ቀናት ነፃ ሆና አታውቅም። ሆስቴል ማለት ስምንት ሰው በአንድ ክፍል በተደራራቢ አልጋ የሚያድርበት፣ ወጥ ቤቱም የጋራ የሆነ የመንገደኛ ማረፊያ ነው። ቡዳፔስት ላይ ከበላይዋ የተኛችው አንዲት አርጀንቲናዊት ነርስ ነበረች። ስለየአገራቸው የሕመምተኛ ብዛት ሲጫወቱ እንግሊዝኛቸው ባለቀ ቁጥር በእጅ እየተግባቡ ወዳጅ ሆኑና አብረው ወደ ፕራግ ተሻገሩ። ኤሌኒ ቀን ቀን በእግሯ ስትዞር፣ ድልድይ ላይ ቆማ ወንዙን ስታይ ትውላለች፤ “የማን ልጅ ነሽ? ወዴት ነሽ?” የሚላት የለም። ሲመሽ የፕራጉ ሆስቴል እንግዶች ግቢው ውስጥ ይሰበሰባሉ። አንዱ ጊታር ይመታል፣ አንዱ ያበስላል፣ ሌላው ቢራ ይቀዳል።

አንድ ምሽት ተራው የሷ ሆነና ከስልኳ ዘፈን ከፍታ እስክስታ አሳየቻቸው። አንድ ረጅም ኖርዌጂያዊ ትከሻው አልታዘዝ ብሎት መላ አካላቱ ሲንቀጠቀጥ ግቢው በሳቅ ደመቀ። ኤሌኒ ፀጉሯ ተበትኖ፣ በአንድ እጇ የቢራ ብርጭቆ ይዛ ከልቧ ስትስቅ አርጀንቲናዊቷ በቪዲዮ ቀረጸቻት። ኤሌኒም ቪዲዮውን ለወንድሟ ላከችለት። “ይኸው፣ ያንተው ግቢ!” የሚል ጽፋበት ነበር።

አምሐ ቪዲዮውን እየሳቀ ለጓደኞቹ አሳየ፤ አንደኛው ለምኖት ላከለት። ያ ጓደኛ ደግሞ “የሕግ አዋቂው ልጅ አውሮፓ ላይ” የሚል ጽሑፍ ጨምሮ በቴሌግራም በተነው። ኤሌኒ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርስ ቪዲዮው ቀድሟት ከተማውን አዳርሶ ነበር።

ሐሜት እንዴት እንደሚያድግ ሁላችንም እናውቃለን፤ እያወቅን እናሳድገዋለን። አንድ ብርጭቆ የነበረው ስካር ተባለ። ኖርዌጂያዊው ውሽማ ሆነ። ሆስቴሉማ ምን ያልተባለ ነገር አለ! ሆስፒታል ውስጥ አንዲት አስታማሚ፣ ኤሌኒ ጎን ቆማ እየሰማች፣ “ልጄን ሌላ ሰው ይያዝልኝ” አለች። ልጇ በኤሌኒ እጅ ታክሞ ክራንቹን ሊጥል ጥቂት የቀረው ነበር። አቶ ፊልጶስንም በማኅበራቸው ላይ አንድ ሰውዬ፣ “ምነው ልጅዎን እንዲህ ለቀቋት?” አላቸው። እሳቸውም ቤት ገብተው ልጃቸውን ፊታቸው አቆሙ።

“ስሜን ገደልሽው!”

“ምን አጠፋሁ፣ አባዬ?”

“ጠጥተሽ ጨፈርሽ! ከማታውቂው ወንድ ጋር አንድ ክፍል አደርሽ! ከዚህ በላይ ምን ታጠፊ?”

“አምሐም እኮ እዚያው ነው ያደረው። ሲያወራልህ ስትስቅ ነበር።”

“አምሐ ወንድ ነው!”

አምሐ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ነበር። ዓይኑን ከስልኩ አላነሣም። “እኔ ነኝ የላክኋት፣ ቪዲዮዋንም ያሾለክሁት እኔ ነኝ” ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃው ነበር፤ አላለም። ኤሌኒን የጎረቤቱ ሐሜት ካቆሰላት ይልቅ ይህ ዝምታ አቆሰላት።

ነገሩ በእሷ ብቻ ቢያበቃ እንኳ በደል ነበር። ግን አላበቃም። የመጨረሻዋ ልጅ ፅዮን በዚያው ሰሞን በውኃ ምሕንድስና ሁለተኛ ዲግሪዋን ሃንጋሪ እንድትማር ነፃ ዕድል አግኝታ ነበር። ከስንት ተወዳዳሪ ተመርጣ፣ ከደስታዋ ብዛት እንቅልፍ አጥታ ነው የከረመችው። ደብዳቤውን ለአባቷ ስትሰጥ አቶ ፊልጶስ ሳያነቡ መለሱላት።

“አንዷ ትበቃኛለች። ሳልመርቅሽ ከሄድሽ ልጄ አይደለሽም።”

ኤሌኒ ለመነቻቸው፤ አልሰሙም። ፅዮንን ደግሞ፣ “ሂጂ፣ በኋላ ይታረቅሻል” አለቻት። ፅዮን ግን እናቷን በሕፃንነቷ ያጣች፣ አባቷን ብቻ ይዛ ያደገች ልጅ ናትና ያን ቃል መሻገር አቃታት። መልስ የሚሰጥበት ጊዜ አለፈ። ቦታውም ለሌላ ተሰጠ። ፅዮን አላለቀሰችም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ አባቷ ሲገቡ ተነሥታ ወደ ክፍሏ ትሄዳለች፤ ለብቻዋ ትበላለች። የሠለጠነ ከተማ፣ የተማረ ቤተሰብ እንላለን! የሌላ ሰው ምላስ ፈርተን የገዛ ልጃችንን ዕድል በእጃችን እንዘጋለን፤ ይህንንም ክብር ብለን እንጠራዋለን!

በጥር ወር የአቶ ፊልጶስ ታላቅ እኅት ወይዘሮ ታየች የልጅ ልጃቸውን ክርስትና ደግሰው ከጎንደር ወጣ ብላ ወዳለችው ደጋ ኮሶዬ ጠሯቸው። አራቱም ሄዱ። ብርዱ አጥንት ይገባል፤ እንግዳው ቤት ውስጥ ተጠጋግቶ ተቀምጦ ጠላውን እየጠጣ ይጫወታል። ከተጋባዦቹ አንዱ አምሐን አይቶ፣ “ይህ ነው ፈረንጅ አገር የደረሰው?” ብሎ ጠየቀ። አቶ ፊልጶስ ደረታቸውን ነፉ። የልጃቸውን የባቡር ጉዞ፣ ሆስቴሉን፣ የጀልባውን ቢራ፣ ጭፈራውን ሁሉ እንደ አዲስ ተረኩ። እንግዳው ሁሉ ሳቀ። ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው ከፊት ለፊታቸው ተቀምጠዋል።

ኤሌኒ ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለችም። ተነሥታ ቆመች።

“አባዬ፣ ያ የምታወራለት ግቢ እኔም የጨፈርሁበት ግቢ ነው። እዚያው ቤት ነው ያደርሁት። ቢራውንም ቢሆን እሱ ከእኔ አብልጦ ጠጥቷል። ለእሱ ድግስ ላይ የሚወራ ጀብዱ፣ ለእኔ ውርደት የሆነው በምን ሕግ ነው? አንተ የሕግ ሰው ነህ፣ ንገረኝ! ፅዮንስ ምን አደረገች? እሷ እኮ የትም አልሄደችም!”

አቶ ፊልጶስ ፊታቸው ጠቁሮ፣ “ቁጭ በይ! በሰው ፊት...” ሲሉ ወይዘሮ ታየች ቃላቸውን ቆረጧቸው።

“ምነው ፊልጶስ? ምን አጠፋች? እኔ ሳላገባ ግሸን ማርያም የሄድሁትን ረሳኸው? ከዳባት፣ ከደባርቅ ከመጣ ከማላውቀው ሰው ጋር በአንድ ድንኳን ነው ጎን ለጎን ያደርሁት።”

“እቴ፣ ያ እኮ ለበረከት ነው!”

“ለበረከት ብንሄድስ ሰዎች አልነበርን? እዚያ ውስጥ ሸጋም ነበረ፣ ባለጌም ነበረ። አባታችን ግን ጨዋ አድርጌ አሳድጌያታለሁ ብሎ አመነኝ። አንተ ያሳደግሃትን ልጅ አታምናትም? ሰው አማ ብለህ ነው የጣልሃት?”

ያን ጊዜ አምሐ አንገቱን ደፍቶ ከተቀመጠበት ተነሣ።

“አድራሻውን የሰጠኋት እኔ ነኝ፣ አባዬ። ሂጂ ያልኋትም እኔ ነኝ። ቪዲዮው የወጣው ከኔ ስልክ ነው። ስትሰድባት ዝም ብዬ ሰምቻለሁ። ፅዮን ስትቀርም ዝም አልሁ።” ወደ እኅቶቹ ዞረ። “ፈሪ ነኝ። ይቅር በሉኝ።”

አቶ ፊልጶስ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ውጭ ወጡ። ከቤቱ ጀርባ ገደሉ አፋፍ ላይ ብቻቸውን ቆመው ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። የተጋባዡን ሁሉ ፊት እያዩ፣ “ልጄን ያማኋት ከሰው ሁሉ በፊት እኔ ነኝ” አሉ። “እኔ ባላዋርዳት ኖሮ ማንም አይደፍራትም ነበር። ኤሌኒ፣ በድዬሻለሁ።” ከዚያ ፅዮን አጠገብ ተቀመጡ። “ያ ትምህርት ቤት... ብንጽፍላቸው አይሆንም?”

“ቦታው ለሌላ ተሰጥቷል፣ አባዬ።”

በእልፍ ሰው ክርክር ውስጥ ካሣ ሲያስቆርጡ የኖሩት ሰው ይህን የሚክስ ነገር አጡለት።

እናንት አባቶችና ወንድሞች፣ በየቤታችን ስንት ፅዮን ተቀምጣለች? ለወንዱ እልል የምንልበትን መንገድ ለሴቷ እንደ ገደል የምናጥረው እስከ መቼ ነው? ሐሜተኛው ወሬውን አውርቶ ወደ ቤቱ ይገባል፤ የተዘጋው በር ግን የኛው ልጅ በር ነው። በቴሌግራም የሰው ልጅ ሳቅ ስናቀባብል የምንሰብረው ሰው እንዳለ እንወቅ። እውነቱን እያወቀ ዝም ያለም ከሐሜተኛው አይሻልም።

ከኮሶዬ ሲመለሱ አቶ ፊልጶስ መኪናው ውስጥ ከፅዮን ጎን ነበሩ። “ለሚመጣው ዓመት እንደገና ተወዳደሪ” አሏት ቀስ ብለው። “እኔ እፈቅዳለሁ።”

ፅዮን ዕድሏ ከተዘጋ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይናቸውን አየች።

“እወዳደራለሁ፣ አባዬ። ፈቃድህን ግን ዳግመኛ አልጠይቅህም። ምርቃትህን ብቻ ስጠኝ።”

አቶ ፊልጶስ እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው መመረቅ ጀመሩ።