ክዳኑ ላይ የነበረው ክብሪት

በዚያ ሻይ ቤት አርባ ዓመት ሲኒ ያጠቡትን እማማ ሉዎን ማንም ምንም አልጠየቃቸውም። መርማሪ ታን እዚያው የሻይ ጠጪዎችን ጆሮ እየጠረገ የሚኖረውን ሚያኦን ጠየቀ፤ አስጎብኚዋን ዶንግን ጠየቀ፤ ፓንዳ አይተው ሻይ ሊጠጡ ጎራ ያሉትን እንግዶች እንኳ ጠየቀ። እሳቸውን እንደ ባዶ ወንበር ዞሯቸው አለፈ።

የሞቱት መምህር ሼን ናቸው። አፍንጫው ክንድ በሚያህል ማንቆርቆሪያ ከጀርባቸው ሻይ እየቀዱ የቼንግዱን ከተማ ጎብኚ ሁሉ አፍ ያስከፍቱ ነበር። ጠዋት ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ኩሬው ውስጥ ተገኙ።

«ራሳቸውን ነው ያጠፉት» አለ ታን። «ለዪን ‹በቃኝ› ብለውታል። የሲኒያቸውንም ክዳን ገልብጠዋል፤ ጨርሻለሁ ማለት ነው።»

ዪን የመምህሩ ተማሪ ነው፤ ዶንግም በቅርቡ ከእሳቸው አቀዳዱን መማር ጀምራለች። ወላጆቹ ሲሞቱበት ከጎናቸው አስተኝተው ያሳደጉት እማማ ሉዎ ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ እኔን መቼ ነው የምትጠይቀኝ?» አሉ መርማሪውን።

«እርስዎ ወጥ ቤት አልነበሩም እንዴ?»

«ዓይኔን እዚያ አልቆልፍበትም። ሁሉንም ጥራልኝ።»

ሁሉም በመምህሩ ጠረጴዛ ዙሪያ ቆሙ። ከሟቹ ኪስ የወጣው ትንባሆና ክብሪት እዚያው ተቀምጧል።

«ትንባሆውን ጨብጠው።»

ታን ጨበጠው፤ ውሃው በጣቶቹ መሃል ተንጠባጠበ። እማማ ሉዎ አንድ የክብሪት እንጨት አወጡና ጫሩ። በራ።

«ጠዋት፣ እሳቸው ገና ሳይገኙ፣ ሲኒ ልሰበስብ ስመጣ ክዳኑ አልተገለበጠም፤ ይሄ ክብሪትም ላዩ ላይ ነበር። እዚህ ቤት ክዳን ላይ ዕቃ ትቶ የሄደ ሰው ‹እመለሳለሁ፣ ቦታዬን ጠብቁልኝ› ማለቱ ነው። ሊሞት የሚሄድ ሰው ቦታ ያስይዛል? ክብሪቱ ኪሳቸው የገባው ከውሃ ከወጡ በኋላ ነው። ማን ነካቸው?»

«ዪን ብቻ» አለ ሚያኦ። «ጎትቶ አወጣቸውና እኛን ሐኪም ጥሩ ብሎ ላከን።»

ዶንግ ግራ ገብቷት «እኔ የክዳኑን ነገር አላውቅም ነበር» አለች።

«አታውቂማ። ከሰሜን ከመጣሽ ገና ዓመትሽ ነው። ክብሪቱ መነሳት፣ ክዳኑም መገልበጥ እንዳለበት የሚገባው እዚህ ያደገ ሰው ነው። ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

ዪን መሬት መሬት አየ። «ዛሬ በእንግዶቹ ፊት ማንቆርቆሪያውን ለዶንግ አስረክበው ተተኪዬ ናት ሊሉ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ከኋላቸው ቆሜያለሁ። ኩሬው ዳር ስለምናቸው ጀርባቸውን ሰጡኝ፤ ገፋኋቸው።» ቀና አለ። «እማማ፣ እርስዎ ዝም ቢሉ ማንም አያውቅም ነበር።»

«እናቴ ስትለኝ ኖረህ፣ አንተም ሲኒ አጣቢ ምን ታያለች አልክ?»

ዪንን ሲወስዱት እማማ ሉዎ ዞረው አላዩትም። ክዳኑን አቀኑና ክብሪቱን መልሰው ላዩ ላይ አኖሩት።

«ታን፣ ራሳቸውን አጠፉ ያልከውን ሰርዝ። ሊመለሱ ነበር ብለህ ጻፍ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ሁሉም እየሰማ ጮክ ብለህ አንብብልኝ።»