የሽንፋው ጠላቂ

ኢንስፔክተር ሰርካለም ሽንፋ ወንዝ ዳር ስትደርስ ሬሳው ግራር ሥር በሸራ ተሸፍኖ ነበር። ሸራውን ገለጥ አድርጋ አየችው። ስንሻው ይባላል፤ የአብርሃ ጅራ ከተማ ልጅ፣ የአጥኚው ቡድን ጠላቂ። በሁለቱም ጆሮዎቹ ውስጥ ደም ደርቋል። ጠላቂ ለመስመጥ የሚታጠቀው ከባዱ የእርሳስ ቀበቶ ከወገቡ አልተፈታም።

ጥናቱ የተጀመረው መሬት ተንቀጥቅጣ የመንደሩ ቤቶች ከፈራረሱ በኋላ ነው። የመሬቱ ስንጥቅ በወንዙ ሥር ያልፋል ስለተባለ፣ ባለሙያዎቹ በጀልባ እየዞሩ የታመቀ አየር ውሃ ውስጥ ያፈነዳሉ፤ ከከርሰ ምድር የሚመለሰውን ድምፅ ውሃ ውስጥ በተዘረጋ ረጅም የማዳመጫ ገመድ ይቀርጻሉ። ለሚያፈነዳው መሣሪያ «መድፉ» የሚል ስም አውጥተውለታል።

«ሥራ ከጨረስን በኋላ ሊታጠብ ገባ፤ ውሃው ወሰደው» አሉ የቡድኑ መሪ ኢንጂነር እንዳለው። ዓይናቸው ከሸራው ይሸሻል።

«ሬሳውን ማን አወጣው?»

«የመንደሩ ወጣቶች። እኛ ስንደርስ አውጥተውታል።»

ጀልባ ነጂው ጋሽ ጀምበሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። እጃቸው እስከ ክርናቸው በሞተር ዘይት ጠቁሯል።

«ጋሽ ጀምበሩ፣ ጠዋት ምን ይሠሩ ነበር?»

«ሞተሩ እንቢ ብሎኝ ስታገል ነዋ! ሲገባም ሲወጣም አላየሁት፣ ልጄ። ቀና ብል ምን ነበር!»

የቡድኑ ባለሙያ ጸዳለ ወንዙ ዳር በተተከለው ድንኳን ውስጥ፣ መቅረጫ መሣሪያዋ ፊት ደርቃ ተቀምጣለች። ስንሻው ለጥር ሊያገባት ሽማግሌ ልኮ ነበር።

«መድፉን ከዚህ ሆኜ የምተኩሰው እኔ ነኝ» አለች። «ገመዱን የዛፍ ሥር ሲይዘው እሱ ጠልቆ ያላቅቃል። ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ ጀልባው ላይ ነጭ ጨርቅ ይሰቀላል። ዛሬ ጀልባው ላይ የነበሩት ኢንጂነሩና ጋሽ ጀምበሩ ናቸው፤ ዛሬም ጨርቁ ሲወርድ ነው የተኮስኩት።»

«ከዚያ በኋላ አየሽው?»

«አላየሁትም። ኢንጂነሩ ሊታጠብ ሄደ አሉኝ።»

ሰርካለም ጀልባው ላይ ወጣች። ጨርቁ መቀመጫ ሥር ተወሽቋል፤ አንድም እድፍ የለበትም። ይዛው ቆማ ቀረች። የምትናገረው ነገር ማንን እንደሚሰብር ገብቷታል።

ሦስቱንም ግራሩ ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ሊታጠብ የገባ ሰው እርሳስ አይታጠቅም» አለች። «ስንሻው ሥራ ላይ ነበር። ውሃ ብቻውን ደግሞ ሁለት ጆሮ አያደማም። መድፉ ሲፈነዳ ልጁ ገና ከውሃው አልወጣም። እንግዲህ ጨርቁን ያወረደው ጀልባው ላይ ከነበሩት ሁለት ሰዎች አንዱ ነው። ጋሽ ጀምበሩ ቢነኩት ኖሮ ዘይቱ ይታተምበት ነበር።» ንጹሑን ጨርቅ ዘረጋችው። «ኢንጂነር፣ ለምን?»

እንዳለው ጨርቁን እያዩ መለሱ።

«ወንዙ እየጎደለ ነው፤ በቅርቡ ጀልባ አይሄድበትም። የምንለካው አንድ መስመር ብቻ ቀርቶን ነበር። እነዚህ ቤት አልባ ሰዎች የት ይሥፈሩ? መልስ ይጠብቃሉ። ልጁ ከመድፉ ርቋል፣ አይጎዳውም አልኩ…»

«ከዚያም ዋሹ።»

«ከዚያም ዋሸሁ።»

ጸዳለ ቀኝ እጇን እንደ ባዕድ ነገር ታየው ጀመር። «እንግዲህ የገደልኩት እኔ ነኝ?»

«የለም፣ እህቴ። አንቺ ጨርቁን አምነሽ ነው።» ሰርካለም ደጋግማ ነገረቻት፤ ጸዳለ ግን የሰማች አትመስልም።

ፖሊሶቹ ኢንጂነሩን ይዘው ሄዱ። ሬሳውን ወደ አብርሃ ጅራ የሚወስደው መኪና ሲመጣ ጸዳለ ከኋላ ወጥታ የስንሻውን ራስ ጭኗ ላይ አኖረች።

«ለእናቱ ምን ልበላቸው?» አለች።

ጋሽ ጀምበሩ ፊታቸውን አዞሩ። ሰርካለም የፖሊስ ቆቧን አውልቃ መኪናው ላይ ወጣችና ከጎኗ ተቀመጠች።

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አለቻት።