ላባቸው ያልተነቀለ እኅትማማቾች

በግንቦት 2009 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ፣ በካፉሪ ሰፈር፣ የዶሮ ተመራማሪው ዶክተር ኢክሪማ ከቪላቸው ጓሮ ባለው የቆርቆሮ ዶሮ ቤት በአፍጢማቸው ተደፍተው ሞተው ተገኙ። መርማሪው ሙሐመድአወል፣ በእናቱ የወሎ ሰው፣ ሬሳውን ገለበጠ። መዳፎቻቸው በር ከመደብደብ ብዛት ተልጠዋል። በዙሪያቸው ዶሮዎቹ ይንጫጫሉ።

«ቆልፋበት የገደለችው ይህች ናት!» አለች የሟቹ ሚስት ዛሂራ፣ ወደ ኢትዮጵያዊቷ የቤት ሠራተኛ ወደ ሉጥፊያ እየጠቆመች። «ፓስፖርቴን ስጠኝ እያለች ስትጨቀጭቀው ከረመች። እኔ ከማለዳ ጀምሮ ከሾፌሩ ጋር አል-ማንሺያ፣ እኅቴ ዘንድ ነበርሁ።»

«ዋላሂ ጀናቡ፣ ማድ ቤት ነበርሁ። ጀነሬተሩ ሲጮህ ምን ይሰማል?» አለች ሉጥፊያ ለመርማሪው። እውነቱ ካልወጣ የሚጠብቃት የስቅላት ገመድ እንደ ሆነ ታውቅ ነበር።

«ከግቢ የወጣሽው መቼ ነው?»

«ወጥቼ? መንገዱን በመስኮት ነው የማውቀው። ማዳም ቆልፋብኝ ትሄዳለች፤ ሌላው ቁልፍ ከፍሬው ጋር ነው።»

ፍሬው በፖለቲካ ምክንያት ከኢትዮጵያ የተሰደደ፣ የዶክተሩ ረዳት ነው። ሙሐመድአወል ስለ ጥናቱ ጠየቀው።

«ቴሎሜር ይባላል፤ በሕዋስ ውስጥ ያለው የዘር ክር ጫፍ ነው። ርዝመቱ ከወላጅ ይወረሳል፤ ጭንቀት ደግሞ ያሳጥረዋል። የአንዲት እናት ጫጩቶችን ከፍለን ግማሾቹን በሰፊ ቤት፣ ግማሾቹን እዚህ አጨናንቀን አሳደግን።»

«ሲጨናነቁስ ምን ይሆናሉ?»

«አንዷ የሌላዋን የጀርባ ላባ ትነቅላለች። እንደ እኛ እንደ ስደተኞቹ ናቸው፣ ጀናቡ» ብሎ ፈገግ አለ።

ሙሐመድአወል አንዷን ዶሮ አንሥቶ ጀርባዋን ዳበሰ። ከዚያም ዛሂራን፣ ሉጥፊያንና ፍሬውን በረንዳው ላይ ሰበሰባቸው።

«የዶሮ ቤቱ ማራገቢያ እንዲቆም ተደርጎ በሩ ተቆልፎባቸው፣ ሟቹን የገደላቸው ሙቀት ነው። ዶሮ ግን ላብ የላትም፤ ከሰው ቀድማ ትሞታለች። እነዚህ ስለ ምን በሕይወት አሉ? ሟቹ ከሞቱ በኋላ የገቡ ናቸውና። የሁሉም ላባ ሙሉ ነው፤ መጨናነቅን አያውቁም። ገዳዩ የሞቱትን ዶሮዎች አስወግዶ ከሱቅ ዐረቢ ገበያ ሌሎችን ገዛ፤ ሰውየው በልብ ድካም የሞቱ እንዲመስል። ሉጥፊያ ከግቢ አትወጣም። ለእርስዎ፣ ማዳም፣ ሾፌሩ ይመሰክራል። ማለዳ ከመውጣትዎ በፊት ባለቤትዎ ስለ ዶሮዎቹ ምን አሉ?»

«ተቆጥቶ ነበር። የተጨናነቁት ዶሮዎች ቴሎሜር አላጠረም፤ እኅትማማቾችም አይደሉም አለ።»

«ስለዚህ፣ ፍሬው፣ መተካት የቆየ ልማድህ ነው። አንዷ በሞተች ቁጥር ከገበያ አምጥተህ ትሞላለህ፤ ዛሬ እሳቸው ደረሱበት።»

የፍሬው ፊት ዐመድ መሰለ። «ቢያባርሩኝ የመኖሪያ ፈቃዴ ይሰረዛል። ድንበሩ ላይ የሚጠብቁኝን እርስዎ አያውቋቸውም!»

«መታነቅን አንተ ታውቀዋለህ፤ ዐውቀኸውም፣ እርሷ ስትከሰስ እያየህ ሸምቀቆውን አጠለቅህላት።»

ፍሬውን ወሰዱት።

«ያላ ሉጥፊያ! ለቀስተኛ ይመጣል፤ ሳህኖቹን እጠቢ» አለች ዛሂራ።

ሙሐመድአወል እጁን ዘረጋ። «ንጽሕናዋን ያስረዳልኝ በዚህ ግቢ መታሰሯ ነው። ያንን ምስክር አድርጌ ስሠራበት ውዬ፣ እንዳላየ ሰው አልወጣም። ፓስፖርቷንና የበሩን ቁልፍ ያምጡ፣ ማዳም።»