በኑዛዜው ላይ የሌለው ልጅ

«ሄቲ፣ ይሄኮ አራተኛ ጊዜሽ ነው። ስሙ እዚያ ወረቀት ላይ በቅሎ አይወጣም» አለች ፕሪያ በሹክሹክታ።

በቤተ መዛግብቱ የንባብ ክፍል ሄቲ ፔሊንግ ከወረቀቱ ቀና አላለችም። ከፊቷ ባለው የስፖንጅ ትራስ ላይ የሪቻርድ ፔሊንግ ኑዛዜ ተዘርግቷል። ሪቻርድ ከሁለት መቶ ስልሳ ዓመት በፊት የሞተ የሃርልዲን መንደር ገበሬ ነው፤ የሄቲ የአያት ቅድመ አያት አያት ወይም ከዚያ ትንሽ የራቀ ዘመድ። ቀለሙ ቡናማ ሆኗል፣ የጸሐፊው እጅም ጭራ ይወዳል፤ ግን ከተላመዱት ይነበባል። ለበኩር ልጄ ለናታንኤል ጋሪዬንና ጥቁሯን ባዝራዬን። ለልጄ ለዊልያም ሁለቱን በሬዎች። ለልጄ ለሃና የምትተኛበትን አልጋ ከነላባ ፍራሹ፣ ትልቁን የነሐስ ድስትም ጭምር። ከዚያ በኋላ ያሉት የምስክሮች ፊርማዎች ናቸው። ድስቱ እንኳ ሳይረሳ ስለ መጨረሻው ልጅ ስለ ቶማስ አንድ ቃል የለም።

ሄቲ ደስ አላት። አንድ ልጅ በአባቱ ተረስቷል ብሎ መደሰት ትንሽ አሳፈራት፤ ግን ደስታዋ ለአያቷ ነበር። አያቷ ሬጅ ፔሊንግ የቶማስን ታሪክ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያወሩት ኖረዋል። አባቱ ንቆት፣ ወንድሞቹ አባረውት፣ በዝናብ ባዶ እጁን ከቤት የወጣው የመጨረሻ ልጅ! ዝናቡ በየገናው ምሳ ላይ እየባሰበት ሄዶ ባለፈው ዓመት በረዶ ተቀላቅሎበታል። ታሪኩ ሁልጊዜ የሚያልቀው ደግሞ በራሳቸው በሬጅ ነው። እሳቸውም የመጨረሻ ልጅ ናቸው። የሳቸውም አባት ሲሞቱ ቤቱን ለታላቁ ለሌናርድ አውርሰው የሬጅን ስም በኑዛዜው ላይ አላነሱም። ወንድማማቾቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ማለትም ሄቲ ከመወለዷ ከብዙ ዓመት በፊት ጀምሮ፣ አይነጋገሩም።

ሮጣ ከንባብ ክፍሉ ወጣችና ኮሪደሩ ላይ ደወለች።

«አባባ! አገኘሁት! ቶማስ የለበትም!»

«አላልኩሽም?» የአያቷ ድምፅ ስልኩን ሊሰነጥቀው ደረሰ። «አላልኩሽም እኔ! ቅዳሜ በመንደሩ የታሪክ ቀን አዳራሹ ውስጥ ቆሜ ነው የማነበው፣ መንደሩ ሁሉ እየሰማ። ኮፒ አስደርጊልኝ። እናትሽ ሌናርድን ጠርታዋለች አይደል? ጥሩ፣ ይምጣና ይስማ። ወንበር ላይ ስም የምትለጥፊው አንቺ ነሽ፤ እሱን መጨረሻ ረድፍ፣ በሩ ጋ አድርጊልኝ።»

«እዚያ ብርድ ነው፣ አባባ።»

«ካፖርት የለውም? እኔ ጮክ ብዬ ነው የማነበው። እሱ እንደሆነ ግማሽ ጆሮ ነው ያለው።»

ተመልሳ ስትቀመጥ ፕሪያ በተራዋ ኑዛዜው ላይ አቀርቅራለች። ፕሪያ የመጣችው ለትምህርት ቤቱ የታሪክ ሥራ ሁለት ሁለት ሆነው እንዲሠሩ ስለታዘዙ ብቻ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ስትሰለች ቆይታ አሁን ግን ግንባሯን ቋጥራለች።

«ቤቱስ?» አለች።

«የምን ቤት?»

«አልጋ ነበራቸው፣ ድስት ነበራቸው፣ በሬ ነበራቸው። በሬው የት ያርሳል? አልጋው ሜዳ ላይ ነው የተዘረጋው እንዴ? ሰውዬው ድስት እያወረሰ ቤትና መሬት ይረሳል?»

ሄቲ ወረቀቱን እንደገና አየችው። እውነትም ስለ ቤት የለም፣ ስለ መሬትም የለም። ያልተጻፈውን ልጅ ስትፈልግ ያልተጻፈውን መሬት ሳታየው ቀርታለች።

ጠረጴዛው ጋ ያለችውን ሴትዮ ጠየቋት። ሴትዮዋ የመንደሩን ስም ስትሰማ ፈገግ አለች። «ሃርልዲን? እዚያ መሬቱ የባላባቱ ነበር። ገበሬው በመንደሩ ልማድ ነው የሚይዘው፤ ሲሞት ማን እንደሚተካው የሚታወቀው በባላባቱ ችሎት ነው። የችሎቱን መዝገብ ላምጣላችሁ» አለቻቸው።

መዝገቡ የመጣው በሚገፋ ጋሪ ነው። ሪቻርድ በሞተ በቀጣዩ የጸደይ ወር የተጻፈውን ፕሪያ ጣቷን ከገጹ ትንሽ ከፍ አድርጋ እየተከተለች አገኘችው። የሟቹ የሪቻርድ ፔሊንግ የመጨረሻ ልጅ ቶማስ ቀረበ፤ በዚህ መንደር ልማድ የመጨረሻው ወንድ ልጅ ወራሽ ነውና ቤቱን፣ ጎተራውንና የእርሻ መሬቱን በሙሉ ተረከበ።

«በሙሉ» አለች ፕሪያ። ከዚያ ሳቋን በመዳፏ አፈነችው። «ወይኔ ሄቲ! የተባረረው ልጅ ጠቅልሎ ወስዶታል!»

ሄቲ አልሳቀችም። አባትየው ቶማስን በኑዛዜው ላይ ያልጻፈው ረስቶት አልነበረም። የቶማስ ድርሻ የታወቀ ስለነበር መጻፍ አላስፈለገውም፤ የተጻፉት ከመሬቱ ምንም የማይደርሳቸው ሦስቱ ናቸው። በጋሪውና በባዝራዋ ከመንደሩ የወጣው ሰው ካለ ናታንኤል፣ ታላቁ ልጅ ነው።

አውቶቡስ ላይ ፕሪያ ያመጣችውን የአይብ ሳንድዊች ለሁለት ከፈለችው።

«አትንገሪያቸው በቃ» አለች። «ኑዛዜው ላይ የለም፣ ይሄ ውሸት አይደለም። መዝገቡን ማን ያነበዋል? ሽማግሌውን ደስ ብሏቸዋል፣ ተያቸው።»

«ሌናርድ ፊት ነው የሚያነቡት።»

«እና?»

«እና ከዚያ በኋላ መቼም አይታረቁም።»

«ከነገርሻቸውስ? ሕይወታቸውን ሙሉ የያዙትን ነገር ነው የምትነጥቂያቸው። አንቺን ነው የሚቀየሙሽ፣ እወቂ።»

ሄቲ ሳንድዊቹን አልቀመሰችውም፤ በእጇ ይዛው ቀረች። ፈርታ ነበር። አያቷ አንዴ ከተቀየሙ ለስንት ዓመት እንደሚቀየሙ ከሌናርድ በላይ ማስረጃ የለም። ግን ቅዳሜ መጨረሻ ረድፍ ላይ ካፖርቱን ለብሶ የሚቀመጠው ሰውዬ ከዓይኗ አልጠፋ አለ።

አያቷ እንደወትሮው ጋራዥ ውስጥ ነበሩ። ሰማንያ ሊሞላቸው ምን ቀራቸው፣ ግን የመንደሩ ሰው ሣር ማጨጃው እምቢ ሲለው አሁንም ወደ ሳቸው ነው የሚያመጣው። የተገለበጠ ማጨጃ ላይ መነጽራቸውን አስቀምጠው ንግግራቸውን ይለማመዳሉ።

«ስሚ፣ ስሚ! ‹እናም እንደ ቶማስ ሁሉ እኔም፣ ክቡራንና ክቡራት…›»

«አባባ፣ መጀመሪያ ይሄን ይዩት።»

የመዝገቡን ኮፒ ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፤ ወረቀቱን ወደ አምፖሉ አስጠግተው ደገሙት። ፊታቸው ከጆሮአቸው ጀምሮ ቀላ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ልማዱ ነው። መሬቱ የመጨረሻው ልጅ ነበር። ስለዚህ አባትየው…»

«ማንበብ እችላለሁ!» ወረቀቱን ማጨጃው ላይ ወረወሩት። «ኑዛዜውን አምጪ ነው ያልኩሽ። ይሄን ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም» አለች ሄቲ፤ ግን አልወጣችም።

አያቷ ጀርባቸውን ሰጥተዋት መፍቻ ከመስቀያው አወረዱ፤ መልሰው ሰቀሉት። ቆይተው፣ «መሬቱ ታዲያ የት ደረሰ?» አሉ።

«ቶማስ ሸጠው፤ እሱም መዝገቡ ላይ አለ። ያውም ለአንድ ቢራ ጠማቂ።»

«ሸጠው? ያ ጅል!» አንድ ነገር እንደ ሳቅ አፈትልኮ ወጣና መልሰው ዋጡት።

ሄቲ ያን ሳቅ አየች፤ ድፍረቷም ከዚያ መጣ። «አባባ፣ አይቆጡኝ። ቶማስ ያልተጻፈው የሱ ነገር ያለቀ ስለነበር ነው። የእርስዎስ አባት… ከመሞታቸው በፊት የሰጡዎት ነገር አልነበረም?»

«የለም» አሉ ቶሎ ብለው።

ዝናብ የጋራዡን ቆርቆሮ መምታት ጀመረ። አያቷ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩት፤ ከዚያ ትልቁን የሥራ ጠረጴዛ፣ የመፍቻ መስቀያውን፣ የሁለት መኪና መግቢያ የሚሆነውን በር። እዚህ ውስጥ ለሃምሳ ዓመት ሲገቡ ሲወጡ አይተውት የማያውቁ ይመስሉ ነበር። ጣታቸው ላይ ያለውን ግራሶ በጨርቅ ደጋግመው ጠረጉ።

«ይቺን ጋራዥ አባቴ ነው የገዛልኝ» አሉ በመጨረሻ። «ስታገባ ሥራ ያስፈልግሃል ብሎ። ላሞቹን ሸጠ።» ጨርቁን አጣጠፉት። «ላሞቹን ከጥጃነታቸው ያሳደጋቸው ሌናርድ ነበር። ያኔ አንድ ቃል አልተናገረም።»

ሄቲ እጃቸውን ልትይዝ ፈልጋ ነበር፤ እሳቸው ግን ማጨጃውን ወደ ራሳቸው ጎተቱ።

«ቤት ሂጂ» አሉ፣ ሳይቆጡ። «ሻይ ቀዝቅዞብሽ ይሆናል።»

እስከ ቅዳሜ ጉዳዩ አልተነሳም። አያቷ ምን እንደሚያነቡ፣ የሚያነቡት ነገር ይኑር አይኑር እንኳ አልነገሯትም። ሄቲም ለመጠየቅ አልደፈረችም።

ቅዳሜ ጠዋት የመንደሩ አዳራሽ ውስጥ ከፕሪያ ጋር የሚታጠፉትን ወንበሮች እያንኳኩ ዘረጓቸው። ግድግዳው ላይ የሰው ሁሉ አያቶች ተለጥፈዋል። ጥግ ላይ ትልቁ የሻይ ማፍያ ጉምጉም ይላል። ሄቲ ስሞቹን በየወንበሩ መለጠፍ ጀመረች፤ ሬጅ ፔሊንግ ፊት ረድፍ፣ መሃል ላይ። የመጨረሻው ረድፍ ጋ ስትደርስ የሌናርድን ስም ይዛ ቆመች። በሩ ስር በሚገባው ንፋስ ወረቀቱ እጇ ላይ ተርገበገበ።

«ያሉሽ እዚያ ነው» አለች ፕሪያ።

«አውቃለሁ።»

ወረቀቱን ይዛ በመተላለፊያው ወደ ፊት ሄደች። ከአያቷ ወንበር በስተቀኝ ያለውን የማንም ያልሆነ ወንበር መረጠችና ስሙን ለጠፈችበት። ጠርዙን በአውራ ጣቷ አጥብቃ ጫነችው። ቀና ስትል አያቷ በሩ ላይ ቆመዋል። ክራባት አስረዋል፤ በእጃቸው ምንም ወረቀት የለም።

እሷን አዩ፣ ወንበሩን አዩ። ሄቲ ጠበቀች፤ ስሙን እንድታነሳ ቢያዟት እንደማታነሳው ግን አውቃዋለች።

አያቷ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«በቀኝ አይደለም» አሉ። «በግራዬ አድርጊው። ግራ ጆሮው ነው የማይሰማው።»