አዲስ ሆኖ የደበዘዘው መብራት

ሙሉዓለም በለቅሶው ቤት የደሬሳን ዝምታ ሐዘን ብላ ተርጉማው ነበር። ሰው ሲያነብ የኖረ ዓይኗ በወዳጅ ፊት ላይ መሳሳቱን ኋላ ራሷም አልሸሸገችም።

የመኪና ዕቃ ነጋዴው ኡዋይስ ማክሰኞ ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት ሲመለስ ካምፓላ ውስጥ፣ ካባላጋላ ዳገት ላይ መኪና ገጭቶት ሞቶ ተገኘ። ከአስከሬኑ ሥር ቢጫ የፊት መብራት ሽፋን ስብርባሪ ተለቀመ። ፖሊስም የሚስቱን የሃፍሳን ወንድም ጀይሉን ያዘ፤ ስብርባሪው የሚገጥምለት ዓይነት የሆነው የስፔሻል ሃየር፣ የኮንትራት ታክሲ፣ መኪናው የቀኝ መብራት ሽፋን በዚያው ዕለት በአዲስ ተተክቶ ነበርና። ሃፍሳ በአዲስ አበባ መርማሪ ወደነበረችው ሙሉዓለም መጣች።

«እትዬ፣ ባሌን የገደለው ወንድሜ ከሆነ ይንገሩኝ። ካልሆነ ግን ሰኞ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ይድረሱልኝ።»

ኡዋይስ በሱቁ ከሚሸጣቸው ሽፋኖች ከፊሎቹ ኮሎሎ ሰፈር ከቆሙ መኪኖች ተሰርቀው የተነቀሉ መሆናቸውን ደርሶበት ለፖሊስ ሊያመለክት ነበር አለች። የአቅራቢውን ማንነት ግን፣ ወዳጅ ነው ብሎ፣ ደብቋታል።

ጀይሉ ሽፋኑ ከወር በፊት መሰንጠቁንና ማክሰኞ ረፋድ የመኪና መብራት አዳሹ ደሬሳ ራሱ መጥቶ በነጻ እንደለወጠለት ተናገረ። ደሬሳ ደግሞ ጀይሉ ያን ጠዋት የደቀቀ መብራት ይዞ እንደመጣበት ለፖሊስ ቃሉን ሰጥቷል። ደሬሳ ሙሉዓለም በስደት ያገኘችው ወንድሟ ነው፤ ወባ በጣላት ጊዜ አስታሟታል። አመነችው።

እንደ ጀይሉ ያለ መኪና የሚነዳ ሌላው የቤተሰቡ ወዳጅ የሆቴል ወጥ ቤቱ ሰፍዋን ነበር። ሁለቱም መብራቶቹ ደብዛዛና ያልተሰበሩ ስለሆኑ ፖሊስ አልፎታል።

«እሑድ መብራቶቹን እንዲያጸዳልኝ ለደሬሳ ትቼለት ሙንዮንዮ ሆቴሉ እያደርኩ ልሠራ ገባሁ፤» አለ ሰፍዋን። «ረቡዕ ስወጣ መኪናዬን ከነዓይን ሞራዋ መለሰልኝ። ሰነፍ ሐኪም!»

ሙሉዓለም አልሳቀችም። ጎንበስ አለች። የግራው ሽፋን ፀሐይ በሚያገኘው በላይኛው በኩል ክፉኛ ወይቦ ወደ ታች እየሳሳ ይሄዳል፤ የቀኙ ጭጋግ ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ነው።

ቅዳሜ ሁሉም ከፖሊሱ መርማሪ ጋር በሃፍሳ ግቢ፣ በሰፍዋን መኪና ዙሪያ ተሰበሰቡ።

«ደሬ፣ እነዚህን መብራቶች ነክተሃቸዋል?» አለችው ሙሉዓለም።

«አልነካሁም። ሥራ በዝቶብኝ መለስኳት።»

«ሰፍዋን እስኪወስዳት ከግቢህ ወጥታለች?»

«ቁልፉ ኪሴ ውስጥ፤ በምን ትወጣለች?»

በሁለቱም መብራቶች ላይ ውኃ አፈሰሰች። የግራው እንደወየበ ቀረ፤ የቀኙ እንደ መስኮት መስተዋት ጠራ።

«ፀሐይ ያስረጀውን ውኃ አያጠራውም። በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ አዲስ ሽፋን ግን ጭረቱን ውኃ ሲሞላው ይጠራል። ስለዚህ የቀኙ አዲስ ነው፤ ሆን ተብሎ እንዲደበዝዝ ተደርጓል።» የሞተሩን ክዳን አስከፍታ ከሽፋኑ ጀርባ ገና ያልቆሸሸውን ሲሊኮን አሳየች። «ሰፍዋን እስከ ረቡዕ ሙንዮንዮ ነበር፤ አሠሪዎቹን ጠይቄያለሁ። መኪናዋ የነበረችው አንተ ዘንድ ነው፤ ቁልፉም ኪስህ። በእሷ ኡዋይስን ገጭተህ፣ የተሰበረውን ለውጠህ ባለቤቱ እንዳይጠረጥር አስረጀኸው። ለጀይሉ ያደረግኸው ስጦታም ፖሊስ አዲስ ሽፋን ሲፈልግ እሱን እንዲያገኝ ነው። የተሰረቁትን ሽፋኖች ያቀረበለት፣ ኡዋይስም ስሙን የደበቀለት ወዳጅ አንተ ነህ።»

ሃፍሳ ቀና ብላ አየችው። «የባሌን ሬሳ አጥበሃል፤» አለችው፣ ድምፅዋን ሳታነሣ።

ደሬሳ ወደ ሙሉዓለም ዞረ። «እህቴ፣ አንቺ እንኳ ዝም ብትዪልኝ?»

«ዝም እንደምልልህ ቆጥረህ ነው የዋሸኸኝ።»

የደሬሳን የእምነት ቃል ወደ እንግሊዝኛ የመለሰችው ሙሉዓለም ናት። አስፈርማው ለፖሊስ አስረከበች፤ ሰኞም ጀይሉ ተፈታ።