ሦስተኛው ተቀበል

እኔ ልሙት! ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ቃል የጨመርኩ እንደሆነ ምላሴ ከላንቃዬ ትጣበቅ፣ ነገ ጠዋት ቆሜ አልገኝ። ሁሉም እውነት ነው። በሉ ተጠጉ። አንተ በሩ አጠገብ ያለኸው፣ መወርወሪያውን ግፋው እስቲ። ገፋኸው? ደግመህ እየው።

ነገሩ ድሮ ነው። ሰዓቱ ከሌሊቱ ስድስት። ጨረቃ የለችም። መንገዱ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ነው፤ በቀኙ ገደል፣ በግራው ቁጥቋጦ። በዚያ መንገድ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ይሄዳል። ብቻውን! ለምን ብቻውን? ቆዩ፣ እነግራችኋለሁ።

ሰውየው እንዳላማው ይባላል። ሥራው ምን ነበር? ይልቅ ያልሠራው ምን ሥራ አለ ብላችሁ ጠይቁኝ። ማሲንቆ ይመታል። ይዘፍናል። ቴአትር ይጫወታል። ቴአትር ያዘጋጃል፤ ሌላውን "እንዲህ ቁም፣ እንዲህ ተናገር፣ እንደገና!" እያለ ያሠለጥናል። በጎልማሳነቱ አሥራ ሁለት ተዋንያን አስከትሎ አገር ላገር ይዞር ነበር። አንዱ አገባና ቀረ። አንዷ ወለደችና ቀረች። አንዱ መነኮሰ። ሌሎቹም እንዲሁ አንድ በአንድ ተንጠባጠቡ። ብቻውን ሲቀር ምን አደረገ? ቅል ቀርጾ፣ ጨርቅ ሰፍቶ አሻንጉሊቶች ሠራ። "እነዚህ አያገቡ፣ አይወልዱ፣ አይመነኩሱ" አለ።

ከዚያ ወዲያ ንጉሡም እሱ፣ ሙሽራዋም እሱ፣ አህያዋም እሱ። አንድ ገበያ ላይ በአሻንጉሊቶቹ ባልና ሚስት ሆኖ ሲጣላ፣ የመንደሩ ሰው የእውነት መስሎት ሦስት ሽማግሌ ላከበት። ቀኑን ሙሉ አስታረቁት! ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ ሁለቱንም "አሜን" ያለው እሱ ነው፤ አንዴ በወንድ ድምፅ፣ አንዴ በሴት።

እናንተ ትስቃላችሁ። እሱ ግን ሳቁ ካለቀበት ቆይቷል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው መሆን ያደክማል፣ ልጆቼ። ቤቱ በገባ ቁጥር ሚስቱ ሙጪት በሩ ላይ የምትሰማው አንድ ቃል ነበር፦ "ደከመኝ።"

በዚያ ሰሞን ድምፁም መሰንጠቅ ጀመረ።

"ይህን የጠሩኝን ሠርግ ብቻ ልጫወት" አላት። "ከዚህ በኋላ ማሲንቆዬን እሰቅላለሁ።"

"አምናም እንዲሁ ብለህ ነበር።"

"አምና የተናገረው ንጉሡ ነው። አሁን የምናገረው እኔ ነኝ።"

ሠርጉ ላይ ታዲያ አላስቀመጡትም። ተቀበልን ታውቃላችሁ አይደል? ከታዳሚው አንዱ "ተቀበል!" ብሎ ስንኝ ከጣለ፣ አዝማሪው ስንኙን ተቀብሎ በራሱ ድምፅ መዝፈን ነው። ሙገሳም ይሁን፣ ስድብም ይሁን፣ እምቢ የለም። ሚዜው ተቀበል! የሙሽራው አጎት ተቀበል! የሙሽራዋ አጎት፣ የሙሽራው አጎት ከኔ በምን በልጦ ብሎ፣ ተቀበል! እንዳላማው ሺህ ስንኝ ተቀበለ። ቆጥሬዋለሁ፣ ሺህ ነው። በመጨረሻ ከረጢቱንና ማሲንቆውን አንግቶ ሹልክ ሲል በሩ ላይ አንድ ዘበኛ ያዘው።

"ወዴት ነው?"

"ለሽንት።"

"ለሽንት ማሲንቆ ምን ያደርጋል?"

"ያለ ዜማ አይመጣልኝም፣ ወንድሜ" ብሎ ጨለማ ውስጥ ገባ።

ብቻውን የሆነው እንዲህ ነው። ምን ፈለገ? መተኛት። ቤቱ መግባት፣ ጫማውን ማውለቅ፣ ማንንም ሳይሆን መተኛት። ሌላ ምንም።

ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ። ተራራው አናት ላይ አንድ የድንጋይ ክምር አለ። እዚያ ሲደርስ፣

"ተቀበል" አለ አንድ ድምፅ።

ከሠርጉ ቤት የተከተለው ሰካራም መስሎት ዞረ። ማንም የለም። ከፊቱ አየ። ማንም የለም። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ዝም! ዝም ነው የሚባለው! እሱን ግን የሠላሳ ዓመት ልማድ ቀደመው። "አቤት፣ እቀበላለሁ" አለ አፉ።

"እግሬ ከዚህ ቀረ ከድንጋይ ክምር ሥር፣
ማን ይሄድልኛል እስከ ሰዎች መንደር።"

እንዳላማው ማሲንቆውን ስቦ ስንኙን ዘፈነው። ዘፍኖ ሲጨርስ እግሮቹ ቀዘቀዙ። ቁልቁል አየ። እግሮቹ አሉ፤ ግን አይሰሙትም። ድንጋዩ አጠገብ ደግሞ ሁለት ባዶ እግሮች ቆመዋል። ከጉልበት በላይ ምንም የለም።

"ተቀበል።"

"እቀበላለሁ" አለ አሁንም አፉ። አይ አፍ!

"እጄን አፈር በላው ክራሬን ምስጥ በላው፣
አንድ የሰው እጅ አውሱኝ እስኪ ልነካካው።"

ዘፈነ። ዘፍኖ ሲጨርስ ጣቶቹ ሞቱ፣ ማሲንቆው ከእጁ ወደቀ። እዚያ ማዶ ካሉት እግሮች በላይ፣ አየር ላይ፣ ሁለት እጆች ተንጠለጠሉ። ጣቶቻቸውን እየዘረጉ እያጠፉ ይፍታታሉ።

"ማነህ አንተ?" አለ እንዳላማው።

"እንዳንተው ተጫዋች ነበርኩ። ደክሞኝ እዚህ ጋ ቁጭ አልኩ። አልተነሳሁም። አንድ ስንኝ ቀርቶናል። እሱን ከተቀበልከኝ ፊትህን ይዤ እኔ ቤትህ እገባለሁ፣ አንተ እዚህ ታርፋለህ። ማረፍ አልነበር የፈለግኸው?"

ልቡ ለአንድ አፍታ "ነበር" አለ። ያን ያህል ነበር የደከመው። ግን ሙጪት ትዝ አለችው። በሩን ከፍታ ይህን ታስገባዋለች! በፊቱ፣ በጫማው፣ በስሙ! መሮጥ እንዳይሮጥ እግሩ የሱ አይደለም። ዝም እንዳይል አፉ ልማዱን አይተውም፤ ስንኙ ካለቀ መዝፈኑ አይቀርም። ስለዚህ ምን ይሻላል? ስንኙ እንዳያልቅ ማድረግ ነው። አውራ ዶሮ እስኪጮኽ ብቻ። ዶሮ ከጮኸ ሙት ይበተናል፤ ይህንን ሕፃን ያውቀዋል።

"ተቀበል" አለ ድምፁ። "ፊቴን የረሳችሁ፣ ስሜን የጣላችሁ፣"

"ቁም! ቁም! ቁም!" ብሎ ጮኸ እንዳላማው። "ይሄ ምን ዓይነት አነጋገር ነው? ከጉሮሮህ ነው የምታወጣው። ከሆድህ አውጣው!"

እጆቹ ግራ ገባቸው። "ሆድ የለኝም።"

"ሰበብ! አሥራ ሁለት ተዋናይ አሠልጥኛለሁ፣ ሁሉም ሰበብ ነበራቸው። አገባብህስ? ሙት ሆነህ እንደ ወተት ሻጭ ትገባለህ? ከክምሩ ጀርባ ዙርና እንደገና ግባ።"

ዞረ! እውነት እላችኋለሁ፣ ዞሮ ገባ።

"ፊቴን የረሳችሁ፣"

"እንደገና! ለማን ነው የምትናገረው? ለሜዳው? ቆይ" አለና እንዳላማው የከረጢቱን አፍ በጥርሱ ፈታ። ንጉሡን፣ ሙሽራዋን፣ አህያዋን በክርኑ እየገፋ ድንጋይ ላይ በተርታ አስቀመጣቸው። "ይኸው ተመልካች። በእነሱ ፊት ተጫወት።"

ሙቱ አፈረ። "ሰው ፊት ከቆምኩ ቆየሁ፣ የኔታ" አለ።

"የቆየ ይለማመዳል። እንደገና!"

ሰባት ሰዓት ሆነ። እንደገና! ስምንት ሰዓት ሆነ። እንደገና! የእንዳላማው ሽፋሽፍት እንደ ወፍጮ ድንጋይ ከበደ። ከንፈሩን ነከሰ፣ ጭንቅላቱን ከድንጋይ ጋር አጋጨ። ሙቱ ግን ባረሙት ቁጥር ያምርበታል። "በሕይወት ሳለሁ እንዲህ ያረመኝ አልነበረም" ይላል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አገባቡ አማረ። አሥር ሰዓት ላይ ድምፁ ጠራ። ወደ አሥር ተኩል ግድም የመጀመሪያውን መስመር እንዲህ አድርጎ ተናገረውና፣ እንዳላማው የሚያርመው አጣ። ፈለገ፣ ፈለገ፣ አጣ። ሠላሳ ዓመት የደከመለት ነገር፣ ይኸው በጨለማ፣ ለሦስት አሻንጉሊት። እንባው ወረደ።

ሙቱ ሁለተኛውን መስመር ጨረሰ።

ያን መስመር አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ትደግሙታላችሁ።

የእንዳላማው ከንፈር ተንቀሳቀሰ። "እቀበ" አለ። "እቀበላ" ሲል፣ ኩኩሉ! አውራ ዶሮ ጮኸ። የሙቱ እጆች ተበተኑ፣ እግሮቹ ተበተኑ፤ የእንዳላማው እጅና እግር ነፍስ ዘራ። እንዳላማው አሻንጉሊቶቹን ሰብስቦ፣ ማሲንቆውን አንግቶ ተራራውን ወረደ።

ጎህ ሲቀድ በሩን አንኳኳ። ሙጪት ከፈተች። "ደከመኝ" እንዲል ጠበቀች። አላለም። "እንዴት አደርሽ!" ብሎ ሳቀና መጥረቢያ አንስቶ እንጨት ሊፈልጥ ወጣ። ማሲንቆውንም አልሰቀለም። ሰባት ሠርግ ሰባት ቀን አከታትሎ ተጫወተ፤ ድምፁ እንደ ደወል ሆነ። ሙጪት ለጎረቤቷ ምን አለቻት? "ባሌ ድኖልኛል። ግን እንጃ፣ እህቴ፣ ሲተኛ አይቼው አላውቅም።"

ስለዚህ በሌሊት ብቻችሁን አትሂዱ። "ተቀበል" የሚል ድምፅ ከሰማችሁ አፋችሁን በሁለት እጃችሁ አፍኑት። ዛሬም እዚያ ክምር ጋ ድምፅ አለ ይላሉ። ክፉ ድምፅ አይደለም። የደከመው ሰው ድምፅ ነው።

ምን? ዶሮው ከጮኸ ሙቱ ተበትኗል፣ ታዲያ ክምሩ ጋ የቀረው ማነው ትለኛለህ? አይ አንተ ልጅ፣ ጆሮህ ረጅም ነው። እሺ፣ ምያለሁና ልናዘዝ። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ። እዚያ ተራራ ላይ ቤት የለም። ቤት ከሌለ ዶሮ ከየት ይመጣል? አውራ ዶሮውን ያስጮኽኩት እኔ ነኝ፤ እናንተ እንድትተኙ ብዬ ነው።