ለእሱ ብቻ የነገረችው ሕመም

የተዋወቁት ተጋጭተው ነው። ጠዋት ሥራ ከመግባቷ በፊት በዋና ክለቡ ገንዳ በጀርባዋ ስትዋኝ፣ አንድ ረጅም ልጅ የመስመሩን ገመድ አልፎ መጣና ጎኗን በጭንቅላቱ መታት።

«ይቅርታ፣ ያለ መነጽር አጥርቼ አላይም» አለ፣ ውኃውን ከአፉ እየተፋ።

«እና ግድግዳ መሰልኩህ?»

«ግድግዳ እንኳ እንዲህ አይቆጣም።»

ሳትፈልግ ሳቀች። እሷ የምትሠራው መነጽር ቤት ነበር። ብዙም ሳይቆይ እዚያ መጥቶ፣ ለዓይኑ የተለካ የዋና መነጽር አዘዘ። ሲደርስለት ማሰሪያውን ከጭንቅላቱ ኋላ አስተካከለችለት። ማሰሪያው ከተስተካከለ በኋላም እጇን ቶሎ አላነሳችም።

በክለቡ እሱን «ረጅሙ» ይሉታል። እሷን ታላቅ ወንድሟ ከልጅነቷ ጀምሮ «ዳክዬ» ይላት ስለነበር ስሙ ገንዳው ድረስ ተከትሏታል። በዋና የሚተዳደሩ አልነበሩም፤ እሱ አሳንሰር ይጠግናል፣ እሷ የመነጽር መስታወት ትቀርጻለች። ግን አንድ ምኞት ነበራቸው፦ በክለቦች ውድድር፣ ሴትና ወንድ ተደባልቀው በሚዋኙበት ቅብብል አብረው መሰለፍ።

«አንቺ ግድግዳውን ስትነኪ እኔ ከላይሽ እዘላለሁ» ይላት ነበር። ይህን ሲላት ዓይኑ የሚያወራው ስለ ዋና ብቻ አልነበረም።

ልብስ ሰፊዋ እናቷም ረጅሙን «ልጄ» ማለት ጀምራ ነበር።

ውድድሩ ሲቃረብ ትከሻዋን ያማት ጀመር። ከልምምድ በኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገቡ ተቀምጣ ሆዷን ሰጠችው።

«ሐኪሙ ትንሽ ካረፍሽ ይሻልሻል ብሎኛል። ለአሰልጣኟ እኔው ራሴ እነግራታለሁ። እስከዚያ አንተ ዝም በል።»

«ከአፌ አይወጣም» አላት፣ እርጥብ እጇን በሁለት እጁ ይዞ።

በማግስቱ አሰልጣኟ ተሰላፊዎቹን ስትጠራ የዳክዬ ስም አልነበረም። በእሷ ቦታ የገባችው በቅርቡ ከሌላ ክለብ የመጣች ፈጣን ልጅ ነበረች።

«ትከሻሽን ለምን ደበቅሽኝ?» አለቻት አሰልጣኟ፣ ቆጣ ብላ።

ዳክዬ ክው አለች። ዘወር ብላ ረጅሙን አየችው። እሱ የወለሉን ሸክላ ያያል።

ደረጃው ላይ ተከትሏት ወጣ።

«ስላሰብኩልሽ ነው የነገርኳት። እንዳትጎጂ ብዬ።»

«እሱ ብቻ ነው?»

ወደ ገንዳው ዞረ። ከታች የሚዋኙት ሰዎች ድምፅ ይሰማል።

«ንገረኝ። አንድ ጊዜ እንኳ እውነቱን ንገረኝ።»

«ማሸነፍም ፈልጌ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ልጅቷ ፈጣን ናት።»

ቢዋሻት ይሻላት ነበር። ቦርሳዋን በጤነኛው ትከሻዋ አንግታ ትታው ወጣች።

ውድድሩን እንዳታይ እናቷም ወንድሟም ለመኗት፤ እሷ ግን ሄደች። አዲሷ ልጅ ግድግዳውን ስትነካ እሱ ከላይዋ ዘለለ። አሸነፉ። ከውኃው ወጥቶ፣ ሰዎች አቅፈውት፣ በሰው መሐል በዓይኑ እሷን ይፈልግ ነበር። ልታጨበጭብ እጇን አነሳች፤ እጇ ግን ጉልበቷ ላይ ተመልሶ ወደቀ።

ለብዙ ጊዜ ገንዳው ደጃፍ አልደረሰችም። የሚያንገበግባት የቀረባት ቦታ አልነበረም። አዲሷ ልጅ ትግባ ቢላት እሷው ራሷ ትለቅላት እንደነበር ታውቃለች። ያቃጠላት እጇን በያዘባት እጁ አሳልፎ መስጠቱ ነው።

ትከሻዋ ሲሻላት ወደ አሰልጣኟ ተመለሰች።

«ቅብብሉ ይቅርብኝ። የደረት ዋና ልጀምር፤ ብቻዬን የምወዳደርበትን።»

«እግርሽን እንደ እንቁራሪት መምታት ከሀ መማር አለብሽ። ከጀማሪዎቹ ጋር ነው የምትገቢው።»

«ልግባ።»

«ዳክዬ እንቁራሪት ልትሆን ነው በይኛ» አለች አሰልጣኟ፤ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ቁም ነገሩን አወሩ፦ መጀመሪያ አዋዋኙን ማስተካከል፣ ቀጥሎ ሳያማት ርቀቱን መጨረስ፣ ከዚያም ለፍጻሜ ማለፍ። ስለ ሜዳልያ ያነሳ አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ረጅሙ ቤቷ መጣ። እናቷ አስቀመጠችው፤ አላስችል ብሏት ልጇን በዓይኗ ለመነቻት፣ ከዚያ መርፌና ክሯን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

«በደልኩሽ» አለ። «ያን ቀን ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። ማሪኝ፣ እንደገና እንጀምር።»

ዳክዬ አየችው። ያኔ ማሰሪያውን ስታስተካክልለት ያወቀችው ፊት ነው። አሁንም ትወደዋለች፤ ይህንም አልደበቀችውም።

«አልጠላሁህም። ይቅርም ብዬሃለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ግን ሲያመኝ የምነግርህ ሰው አይደለህም። ያ ከሌለ ምን ይዘን እንጀምራለን?»

እሱም ከወንበሩ ተነሳ። በር ድረስ ሸኘችው፤ ደጁ ላይ ብዙ ቆሙ፤ አልተነካኩም።

በዓመቱ ውድድር ለፍጻሜ አለፈች። ከመጨረሻዎቹ አንዷ ሆና ገባች። ወንድሟ ግን አንደኛ የወጣች ይመስል ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸላት። ከውኃው ወጥታ ፎጣዋን ስትደርብ፣ ረጅሙ ወደ መውጫው ሲሄድ በሩቁ ጀርባውን አየች። ልትጠራው አፏን ከፈተች።

አልጠራችውም። ዞራ አሰልጣኟን «የሚቀጥለው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀቻት።